የጥላው ሽማግሌ

ክርክር ሲነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ባለቤቴ «ለአንተ እኮ ሰው ሁሉ ሲፈጠር ጀምሮ ተሳስቷል» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። አመሉ የጀመረኝ መካነ ሰላም፣ ሚሌኒየሙ ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ጌም ቤት ውስጥ ነው። እዚያች ቤት ውስጥ ከአፌ ያመለጠች አንዲት ቃል ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ አላስበላ ብላኝ ነበር። ዛሬም ሳስታውሳት መጀመሪያ ጆሮዬ ይግላል፤ ቀጥሎ ግን እፎይ እላለሁ።

ጌም ቤቷ ከሳዑዲ የተመለሰች የአንዲት ሴት ነበረች። እኛ እትዬ እንላታለን። ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው ልጆች ስታሳድግ ኖራ ስትመለስ፣ ሌላው ወርቅና ብርድ ልብስ በሚያመጣበት ጊዜ እሷ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት የጌም ማሽን፣ በዚያ ላይ ከልጆቹ ጋር ስታያቸው የኖረቻቸውን የጃፓን ካርቱኖች በሲዲ አስገልብጣ መጣች። ዘመዶቿ አዝነውባት ነበር አሉ። እሷ ግን «ልጅ ምን እንደሚወድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣ» ብላ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ያላት ክፍል ተከራየች፣ መጋረጃ ሰቀለች፣ አግዳሚ ወንበር ደረደረች። ሳምንት ሳይሞላ የከተማውን ተማሪ ከኳስ ሜዳ ነጠቀችው።

የምንጫወተው የድብድብ ጌም ነው። ሁለት ተደባዳቢዎች ይመረጣሉ፣ ይፋለማሉ፣ አንዱ ይወድቃል፣ አለቀ። ታሪክም ነበረው፤ ግን ጽሑፉ ሳናነበው እየሮጠ ስለሚያልፍ ታሪኩን ራሳችን ሠራንለት። ድብድቡ ከመጀመሩ በፊት የሁሉም ፊት በትናንሽ ሳጥኖች፣ በሁለት ረድፍ ተደርድሮ ይመጣል። እያንዳንዳቸውን «ሰው» ነበር የምንላቸው። «ሰውህ ማን ነው?» እንባባላለን። የተሰጣቸው ስም ለአፋችን ስላልተመቸን የራሳችንን አወጣንላቸው። ነጭ ነገር ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚመጣው ባለጋቢው ነው። ከእግር እስከ ራሱ ብረት የለበሰው ብረት ድስት ይባላል። እግሯን ከራሷ በላይ የምታነሳዋ ደግሞ ቀጭኗ ናት።

በመጀመሪያው ሰሞን በባለጋቢው የተነሳ ሁለት ልጆች በእውነት ተቧቀሱ። እትዬ ማሽኑን አጠፋችና ጊዜው ያለፈበትን ካላንደር ከግድግዳው አውርዳ ገለበጠችው። በጀርባው ላይ የሰዎቹን ስም ወደ ታች ጻፈች፣ በየስሙ ትይዩ የአንዳንድ ልጅ ስም ጻፈች፣ መልሳ ሰቀለችው። ሕጉን በአፏ ነገረችን፤ አንድ ሰው ለአንድ ልጅ። የሌላውን ሰው ለመጫወት ባለቤቱን ማስፈቀድ ነው። ለዘለቄታው የሚወሰደው ባለቤቱ በፈቃዱ ከሰጠ ወይም በውርርድ ከተሸነፈ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ እሷ ራሷ በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዛለች። እኛ ይህን ሕግ እንደ ርስት ክፍፍል ያዝነው። አንድ ቀን ከደጎሎ ዘመድ ጥየቃ የመጣ ልጅ ባለጋቢውን ሊመርጥ ሲል ቤቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ባለቤት አለው!» ብሎ ጮኸበት፤ ልጁ ደንግጦ ጆይስቲኩን ጣለው። በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ሕግ እንደሌለ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እኔ ዘግይቼ ስለተመዘገብኩ የተረፈችኝ ቀጭኗ ናት። «ሴት ከለላ አድርጎ ይደባደባል» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ይሹፉ፤ ቀጭኗ ስንቱን ጎረምሳ እንዳስለቀሰችልኝ እኔ አውቃለሁ።

ባለጋቢው የጓደኛዬ ነበር። ጓደኛዬ ከገጠር መጥቶ ክፍል ተከራይቶ የሚማር፣ የክርስቲያን ገበሬ ልጅ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ስንቁን ለማምጣት ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄዳል፣ በማግስቱ ተሸክሞ ይመለሳል። አንድ ቀን ካላንደሩን በአገጩ እያመለከተኝ «እዚህ ከተማ ውስጥ የኔ ተብሎ የተጻፈልኝ ነገር እሱ ብቻ ነው» አለኝ። እየሳቀ ነበር ያለው፤ ግን ልክ ነበር። የተኛበት አልጋ የአከራዩ፣ የሚያነበው መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ ነው። ባለጋቢው ግን የእሱ ነበር፤ በእጁ ሲገባም እንደዚያ የሚጫወት ሰው አላየሁም።

ማሽኖቹ ሲግሉ እትዬ ለግማሽ ሰዓት ታሳርፋቸውና ካርቱን ትከፍትልናለች። ካርቱኑ የጃፓን፣ ንግግሩ ግን ዓረብኛ ነው፤ እዚያ አገር ለልጆች ተተርጉሞ የሚታየው እንደዚያ ነበር። ከቤቱ ሙሉ ሰው ዓረብኛው የሚገባን ለሁለት ነው፤ ለእሷና ለእኔ። እሷ ከኖረችበት ቤት ተማረችው። እኔ ደግሞ የቁርአን አስተማሪ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ግቢ ውስጥ ከሩቅ አገር የመጡ ደረሶችን፣ የቁርአን ተማሪዎችን፣ እያስቀራ ስለሚኖር ቋንቋው ገና ስድብ ሳልለይ ጆሮዬ የገባ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ለእኔ ዓረብኛ ማለት ጺም ያላቸው ሰዎች ቀስ ብለው የሚናገሩት ነገር ነበር። እትዬ ቤት ግን ዓይኑ ፊቱን የሞላ፣ ጸጉሩ ሰማያዊ የሆነ ልጅ በዚያው በአባቴ ኪታብ ቋንቋ፣ አንድ ፊደል ሳያጎድል «ተስፋ አልቆርጥም!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርቱን ምን ይማርካል ለሚለኝ ሰው መልስ አላጣሁም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ በጌም ቤቷ ደጅ ሲያልፍ ቆሞ እንዳዳመጠ እትዬ ነግራኛለች። መጋረጃውን ገልጣ ስታየው አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ይህ ማነው እንዲህ አጥርቶ የሚናገረው?» አላት። «ካርቱን ነው ያሼኽ» ብትለው «ማሻአላህ፣ ጥሩ ተምሯል» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ምን እንደሆነ ይግባው አይግባው እስከዛሬ አላውቅም።

ክርክሩ ታዲያ ማለቂያ አልነበረውም። ዋናው ተቃዋሚያችን አባቱ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ስለመጣ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። የእሱ ሰው ብረት ድስት ነበር። ስለ ሁሉም ነገር «አዲስ አበባ እኮ…» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ካርቱን የሕፃን ነገር ነው፣ ወንድ ልጅ የሚያየው የህንድ ፊልም ነው ይላል። ጓደኛዬ ብዙ አይናገርም፤ አንድ ቀን ግን ተናገረ።

«የህንዱ ሰውዬ አይሸነፍም» አለው። «መቶ ሰው ይመጣበታል፣ መቶውንም ይዘርራል። ታዲያ ምኑን አየሁት? ይሄ የካርቱኑ ልጅ ግን ይሸነፋል። ይደበደባል፣ ያለቅሳል፣ ቤቱ ገብቶ ይበላል፣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። እኔ የማውቀው ሰው እንደሱ ነው።»

እኔ በደስታ ጭኔን መታሁ፤ እኔ የተናገርኩት ይመስል።

ከሁሉም የከፋው ክርክር ግን የጥላው ነበር። ከሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ አንዲት ፊት የሌላት ሳጥን አለች። ውስጧ የሰው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ብትጫናትም አትመረጥም። የአዲስ አበባው ልጅ «ቦታ እንዲሞላ ያስቀመጡት ነው፣ ሰው የለም» ይላል። እኔ «የተደበቀ ሰው ነው» እላለሁ። ያቺን ጥላ ሰዓታት ሙሉ ትኩር ብዬ አይቻታለሁ። ትከሻው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ነው። ጎረምሳ እንዲህ አይቆምም ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ማሰብና ማየት ለየቅል ናቸው።

በዓቢይ ጾም መግቢያ ግድም አባቴ ለዓይኑ ሕክምና ደሴ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። ጉዞውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አቀስታ ላይ በረደን፣ ጉጉፍቱ ላይ ጥርሳችን ተንገጫገጨ። ጓደኞቼ የላኩኝ አንድ ነገር ነው፤ የደሴ ጌም ቤት ገብቼ ጥላው እዚያ ተከፍቶ ፊቱ ይታይ እንደሆነ አይቼ መምጣት። አባቴ ሐኪም ዘንድ ተራ ሲጠብቅ አስፈቅጄው ሮጥኩ። ፒያሳ ያለውን ጌም ቤት በስንት ጥያቄ አገኘሁት። መብራት ጠፍቶ ተዘግቷል። በቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር አየሁ፤ ጨለማ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተሳፍረን ተመለስን።

እትዬ ቤት ስገባ ሁሉም ተነሥተው ቆሙ። ያን የሚመስል አቀባበል በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። «እህሳ?» አሉኝ። «ዝግ ነበር» ማለት ምን ያቅታል? አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን የአዲስ አበባው ልጅ ከወዲያ ጥግ ፈገግ ብሎ ያየኝ ነበር፤ ያ ፈገግታ አበገነኝ።

«አየሁት» አልኩ።

ከዚያማ ማን ያቁመኝ። ሽማግሌ ነው አልኩ። ነጭ ጥምጣም አለው፤ ድብድቡ ከመጀመሩ በፊት ጥምጣሙን በሁለት እጁ ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋል፣ እጅጌውን በዝግታ ይሰበስባል። አይቸኩልም። ሌላው እየዘለለ ሲመጣበት አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ጎን ይላል፣ ያኛው ራሱን ይጥላል። እያወራሁ ሳለሁ ነው የገባኝ፤ የነገርኳቸው አባቴን ነበር። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የሚያደርገውን አንድ በአንድ ነው የዘረዘርኩት።

ልጆቹ አግዳሚውን እየሳቡ ቀረቡኝ። የአዲስ አበባው ልጅ ግን «ወላሂ በል» አለኝ።

እኛ አገር ወላሂ የማይል የለም። ክርስቲያኑም በቀን ሃያ ጊዜ ይላታል፤ ጨው ለመበደርም ወላሂ ነው። እኔ ግን ብዬ አላውቅም ነበር። አባቴ «አላህን ለተራ ነገር ምስክር አትጥራው» ብሎ ከልጅነቴ ስለከለከለኝ በክርክር መሐል ሁሉም ሲምል እኔ እጮሃለሁ እንጂ አልምልም። ይህን ሁሉም ያውቁልኛል። ስለዚህ የኔ ወላሂ ከሌላው የከበደች ነበረች። ዝም ብል ውሸቴ ሊታወቅ ነው።

«ወላሂ» አልኩ።

ጓደኛዬ አላመነታም። «በቃ፣ የሼኁ ልጅ ወላሂ ካለ አለ» አለና ወደ አዲስ አበባው ልጅ ዞሮ «ባለጋቢዬን አስይዛለሁ። ጥላው ሽማግሌ ካልሆነ ለዘላለም ውሰደው። ከሆነ ብረት ድስትን ትሰጠኛለህ» አለው። ተጨባበጡ። እትዬ ደግሞ ነገሩ በዓይን ይለይ ብላ ሁሉም ሰው የተከፈተበት ሚሞሪ ከደሴ እንዲገዛላት ለአውቶቡስ ሾፌር ላከች። ሚሞሪ ማለት ማሽኑ ላይ የምትሰካ የጣት ያህል ነገር ናት፤ አንዱ የከፈተውን ለሌላው ታወርሳለች። ሾፌሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ አመጣለሁ አለ።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ጓደኛዬ በየቀኑ ሽማግሌውን እንደገና እንድነግረው ይለምነኛል፤ «እስኪ እጅጌውን እንዴት ነው የሚሰበስበው?» ይላል። እኔም እነግረዋለሁ። ብረት ድስትን ከወሰደ በኋላ ለማን እንደሚያውሰው ሳይቀር አስቦ ጨርሷል። በእኔ ውሸት ላይ እንዲህ ተደላድሎ ሲቀመጥ ሳየው ራሴን ጠላሁት። እንዲያው ሾፌሩ ቢረሳው፣ ደሴ ያለው ሚሞሪ ሁሉ ቢበላሽ እያልኩ ዱዓ አደረግሁ፤ በውሸቴ ላይ አላህን ደግሞ ተባባሪ ላደርገው።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ለውህ ያጥባል። ለውህ ቁርአን የሚጻፍበት እንጨት ነው፤ ያለፈው ትምህርት ታጥቦ አዲሱ ይጻፍበታል። ውሃ አቀብለው ጀመር።

«አባ» አልኩት «አንድ ሰው ያላየውን ነገር አየሁ ብሎ በአላህ ቢምል ምንድን ነው ያለበት?»

እጁን አላቆመም። «ትልቅ ወንጀል አለበት» አለ። «መጀመሪያ ተውበት ነው፣ ከልቡ ይጸጸታል። ከዚያ ከፋራው፤ አስር ሚስኪን ያበላል፣ ካልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል።»

«እንግዲያው ሦስት ቀን ከጾመ ያበቃል ማለት ነው?»

«አያበቃም። ጾሙ ከአላህ ጋር ነው። የዋሸው ሰውስ? ሄዶ ዋሽቼሃለሁ ይበለው። ሰውየው በዚያች ቃል ተነሥቶ ገደል ሳይገባ ይድረስበት።» ለውሁን ገልብጦ ጀርባውን ማጠብ ጀመረ። «ምን አየሁ ብለህ ነው የማልኸው?»

ውሃው ከእጄ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ መደበቅ ስላልቻልኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጌም ቤቱን፣ ጥላውን፣ ውርርዱን። ሽማግሌውንም ነገርኩት። ስለ ጥምጣሙ ስናገር እጁ ሳያውቀው ወደ ጥምጣሙ ሄዶ ነበር። ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል እንዳየሁት አውቆ ተወው። ዱላ እጠብቅ ነበር።

«ያሸንፋል?» አለኝ።

«ማን?»

«ሽማግሌው።»

«አላውቅም አባ» አልኩት። ስለዚያ ሽማግሌ ከተናገርኩት ሁሉ የመጀመሪያው እውነት ያ ነበር።

አባቴ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ወዲያው ደግሞ ኮስተር ብሎ «ሳይከፈት በፊት ነገውኑ ትነግራቸዋለህ» አለኝ። «ከተከፈተ በኋላ የሚነገር እውነት ዋጋ የለውም። አብሽር፣ የሚገድልህ የለም።» ደረቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለለኝ።

ሚሞሪው ዓርብ ማምሻውን ገብቶ ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ገና ሳይሞላ እትዬ ቤት ስደርስ አግዳሚዎቹ ሞልተዋል። ጓደኛዬ ከፊት ተቀምጦ አጠገቡ ለእኔ ቦታ ይዞልኛል። እትዬ ሚሞሪውን በእጇ ይዛለች።

«እትዬ፣ ቆይ አንዴ» አልኩ። «አላየሁትም። ጌም ቤቱ ዝግ ነበር። ዋሽቼ ነው የማልኩት።»

ጓደኛዬን ማየት ስላቃተኝ ካላንደሩን አየሁ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«የተወራረድኩት በእሱ ቃል ነው» አለ፤ ለእትዬ እንጂ ለእኔ አይደለም። «ቃሉ ከሌለ ተሸንፌያለሁ። ሰርዢው።»

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ ገና አልተከፈተም» አለችው።

«ሰርዢው እትዬ።»

ሕጉ የእሷ ነውና ቀዩን እስክሪብቶ አንሥታ ሰረዘችው። ጓደኛዬ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ምን ነበረበት። «አፉ በለኝ» ብዬ ከኋላው ተጣራሁ፤ አልዞረም።

ልከተለው ስል እትዬ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ያመጣኸውን ነገር እስከ መጨረሻው ታየዋለህ» አለች። ሚሞሪውን ሰካች። ማሽኑ አጉረመረመ፣ የሰዎቹ ፊት በሁለት ረድፍ መጣ። ሁሉም ወደ መጨረሻዋ ሳጥን አዩ። ጥላው የለም።

ሽማግሌ ነበር።

ራሱ መላጣ፣ ጺሙ ነጭ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ከሳጥኗ ውስጥ ያየናል። ጥምጣም የለውም። የአዲስ አበባው ልጅ ሲመርጠው ሽማግሌው ጉሮሮውን አልጠረገም፤ ከት ብሎ ሳቀ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ያ ሁሉ ሰዓት ጥላዋ ላይ ማፍጠጤ ከንቱ አልነበረም።

የአዲስ አበባው ልጅ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። ለዚህ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም መልካም ነገር አስቤለት አላውቅም። «ውርርዱ ጥላው ሽማግሌ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር» አለ። «ነው። ይሄኛው ዋሸ አልዋሸ እኔን አያገባኝም። ባለጋቢው የእሱ ነው፣ ብረት ድስትም የእሱ ነው። ጥሩት።»

ሦስት አራት ልጆች ለመሮጥ ተነሡ። እትዬ መጋረጃው ላይ ቆማ ከለከለቻቸው። «እሱ ይሂድ» አለች ወደ እኔ እያመለከተች።

እስከ ኪራይ ክፍሉ ሮጥኩ፤ በገበያተኛውና በአህያው መሐል እየተጋፋሁ። ደጁ ላይ ቁጢጥ ብሎ የደንብ ልብሱን በሳፋ ያጥባል። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሳፋው ተመለሰ።

«ሽማግሌ ነው» አልኩት።

ማሸቱን ቀጠለ።

«ጥላው። ሽማግሌ ሆነ። ጥምጣም የለውም፣ መላጣ ነው። ይስቃል።» ስናገር ራሴን ሰማሁት። ያችው ውሸት ናት፤ በተዋረድኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያችኑ ውሸት በሌላ ልብስ ይዤለት የመጣሁ ነው የምመስለው። በእሱ ቦታ ብሆን የሳፋውን ውሃ ፊቴ ላይ እደፋው ነበር። ወላሂ የምትለዋ ቃል እስከ ምላሴ ጫፍ መጣች። ዋጥኳት።

ሸሚዙን ጨመቀ። አራገፈ፣ ሽቦው ላይ አሰጣ፣ አንገትጌውን አስተካከለ።

«ጎበጥ ያለ ነው?» አለኝ።

«ጎበጥ ያለ ነው።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «በል እንሂድ» አለ።

መንገድ ላይ ስለ ከፋራው ነገርኩት፤ ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን እጾማለሁ አልኩት። «ሦስት ቀን?» ብሎ ሳቀብኝ። «እኔ ሃምሳ አምስት ቀን እየጾምኩ ነው፤ ማንንም ሳልዋሽ።» ከሳቁ በኋላ ነው ትንፋሼ የተመለሰልኝ። የእትዬ መጋረጃ ዘንድ ስንደርስ ግን አላስችለኝ አለ፤ ክርክር የማልተው ሰው አይደለሁ። ክንዱን ይዤ አቆምኩትና «ለምን ማል አላልከኝም?» አልኩት።

ግራ እንደገባው ሁሉ አየኝ። «ዛሬ ጠዋት ዋሽቻለሁ ስትል ማን አስገደደህ?» አለኝ።

መጋረጃውን ገልጦ ገባ። እትዬ ከተሰረዘው ስም ጎን ስሙን እንደገና ጽፋ ጠበቀችው። ጓደኛዬ ብረት ድስትን ለአዲስ አበባው ልጅ እዚያው መለሰለት፤ እኔ ባለጋቢውን ይዤ የእሱን ምን ላድርግበት ብሎ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ሁለተኛውን ጆይስቲክ አቀበለኝ። «ሽማግሌውን ያዝ» አለኝ። ያዝኩት፤ ጓደኛዬ በባለጋቢው በሁለት ዙር ዘረረኝ።